ጠባቂ የሌለው ሽቦ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒዩተር አሜሪካ ውስጥ በየቢሮው ሲገባ፣ የሕንጻ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ግራ ተጋቡ። ኒውትራሉ (የጋራው መመለሻ ሽቦ) ይግላል፣ መጋጠሚያው ይጠቁራል፣ ብሬከሩ ግን አይወድቅም። ሦስቱም ፌዞች ከአቅማቸው በታች ነበር የሚሸከሙት።

በሦስቱ ፌዞች ላይ ያለው ጭነት እኩል ሲሆን፣ ኒውትራል ላይ የሚገናኘው ከረንት እርስ በርሱ ይጣፋል። ኒውትራሉን ከፌዙ ማሳነስ፣ መጠበቂያም አለማድረግ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነበር። የኮምፒዩተርና የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ግን ከረንት የሚስበው ከሞገዱ ጫፍ ላይ ብቻ፣ በጉርሻ በጉርሻ ነው። በዚህ የተቆራረጠ ከረንት ውስጥ ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የዋናውን ድግግሞሽ ሦስት እጥፍ የሚደጋገም ሞገድ አለ፤ በአሜሪካ 180፣ በእኛ አገር 150 ኸርዝ ማለት ነው። ይኼኛው በሦስቱም ፌዞች በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ኒውትራል ላይ ሲደርስ አይጣፋም፤ ይደመራል። ሲብስ የኒውትራሉ ከረንት የፌዙን 1.73 እጥፍ ያህል ይሆናል።

የሚያሳዝነው ደግሞ መለኪያው ነው። የዘመኑ ተራ ክላምፕ ሜትር የተሠራው ለንጹሕ ሞገድ ስለነበር የተዛባውን ከረንት አሳንሶ ያነባል። ባለሙያው «ደህና ነው» ብሎ ሲሄድ ሽቦው መጋሉን ይቀጥላል። ዛሬም «ትሩ አርኤምኤስ» (የተዛባውንም ከረንት በትክክል የሚያነብ) ያልሆነ መለኪያ የያዘ ሰው በዚሁ ይታለላል።

አሜሪካኖቹ ኒውትራሉን አወፈሩ፣ ትራንስፎርመሩን አተለቁ። አውሮፓ ግን ዕቃውን ያዘች፤ አይኢሲ 61000-3-2 በተባለው ደረጃ መሠረት ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ75 ዋት በላይ የሚወስዱ ቴሌቪዥኖችና ኮምፒዩተሮች የሚለቁት ሃርሞኒክ ተገደበ። አምራቾችም ከረንቱን የሚያስተካክል ሰርኪዩት ዕቃው ውስጥ አስገቡ። ለእኔ ትክክለኛው መንገድ ይኼኛው ነው፤ ተከራይ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ መለወጥ አይችልምና።

ሦስት ፌዝ ገብቶ ለየቤቱ አንድ አንድ ፌዝ በሚከፈልበት ኮንዶሚኒየም ነገሩ ይመለከተናል። የጋራው ኒውትራል በግለት ተቃጥሎ ከተበጠሰ፣ ጭነቱ በቀለለው ቤት ቮልቴጁ ከ220 በእጅጉ ዘልሎ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያቃጥላል። ስለዚህ የሕንጻው ኮሚቴ ኤሌክትሪሻን ሲጠራ፣ ምሽት መብራትና ቴሌቪዥን በበዛበት ሰዓት የጋራውን ኒውትራል በትሩ አርኤምኤስ መለኪያ እንዲለካው፣ ኃይል ተቋርጦም መጋጠሚያዎቹን እንዲያጠብቅ ይጠይቅ። ኒውትራሉ ከፌዙ ቀጥኖ ከተገኘ ይለወጥ።