የኃይል ፍጻሜ ምንድን ነው?

ሰው ክንዱን የሚያሠለጥነው ባላጋራውን ለመጣል ነውን፣ ወይስ ራሱን ለመግዛት? ይህን ጥያቄ በጃፓን የትግል ጥበብ ታሪክ እንመርምረው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)።

በቀድሞው ዘመን ሳሙራይ የተባሉት ጦረኞች ጁጁትሱን የሚማሩት፣ መሣሪያ ከእጃቸው በወደቀ ጊዜ ጠላትን ለመግደል ወይም ለመማረክ ነበር። በ1876 ሰይፍ መታጠቅ ከተከለከለ በኋላ ግን ጥበቡ ወደ መረሳት ደረሰ። ያን ጊዜ ካኖ ጂጎሮ የተባለ ወጣት መምህር በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቁሞ ትግሉን ጁዶ አለው። «ጁትሱ» ማለት ጥበብ፣ «ዶ» ማለት ግን መንገድ ነው። ካኖ ምትንና ለሕይወት የሚያሠጋውን አያያዝ ከነጻው ልምምድ ስላስወገደ፣ ተማሪዎቹ ሳይጐዳዱ በሙሉ ኃይላቸው ለመታገል ቻሉ። ስለዚህ መለዘቡ ለጥበቡ ብርታት ሆነው እንጂ ድካም አልሆነበትም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ አዲሱም ዓላማ ፈተና አለበት። ጁዶ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከገባ ወዲህ ብዙዎች ስለ ሜዳይ ይታገላሉ፤ ሜዳይም የከንቱ ውዳሴን ጥማት ያነሣሣል። በዚያው ኦሊምፒክ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋ አኪዮን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት አሸነፈ። ወገኖቹ በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ግን እጁን አንሥቶ ከለከላቸው፤ የተሸነፈውን በጭፈራ ሊያሳፍር አልወደደምና።

እንግዲህ የቀድሞው ጥበብ በመግደሉ፣ የአሁኑም በሽልማቱ ብቻ አይመዘንም። ሌላውን ለመጣል ጕልበት ይበቃል፤ በድል ሰዓት እጅን ለመሰብሰብ ግን ልብን አስቀድሞ ማሠልጠን ያስፈልጋል።