የጦር ወጪ በየትኛው ሚዛን ይመዘን?

በቅርቡ እዚህ አኖ ውስጥ፣ ከመግሪብ በኋላ በምናስተምርበት ሰዓት አንድ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ ለጦር በሚያወጣው ገንዘብ ወንጀሉ የሚከብድበት አገር የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «አሜሪካ» አልኩት። በቁጥሩ አልተሳሳትኩም። ስቶክሆልም የሚገኘው ሲፕሪ የተባለው የሰላም ምርምር ተቋም እንዳሰላው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዓለም ለጦር ካወጣችው 2,718 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 997 ቢሊዮኑ የአሜሪካ ነው። ሆኖም ልጁ የጠየቀኝ ስለ ክብደት ሲሆን እኔ የመለስኩለት ስለ ብዛት ነበር።

አጥኚዎቹም ይህን ስለሚያውቁ፣ ወጪው ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ ስንት እንደሆነ ጨምረው ያሰላሉ። በዚህ ስሌት ሀብታሙና ድሃው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ዘካን ያስተማረ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ይላል። ዘካ ከገንዘብ ላይ ከመቶ ሁለት ተኩል ይወስዳል፤ አስቀድሞ ግን «ሀብቱ ኒሷብ ሞልቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኒሷብ ያልሞላለት ሰው ከመቶ አንድም አይጠየቅም፤ እንዲያውም ተቀባይ ሊሆን ይችላል። የዓለም የጦር ወጪ ሠንጠረዥ ኒሷብ የለውም። ከሞላ ጎተራ የወጣ አንድ ቁና እና ከጎደለ ጎተራ የወጣ አንድ ቁና በእርሱ ዘንድ እኩል ናቸው።

የራሳችንን እንይ። በ2014 ዓ.ም. በጀት ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ከጸደቀው 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ሆነ። ለ2015 ደግሞ ከ786.6 ቢሊዮን ብር ውስጥ 84 ቢሊዮን ተመደበ። እንግዲህ 22ን ከ84 ጋር ያስተያየ ሰው «አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» ይላል፤ ተጨማሪውን የደመረ ደግሞ «ቀንሷል» ይላል። ሁለቱም ያነበቡት ከዚያው ከመንግሥት ወረቀት ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የወታደሩ ደመወዝ በብር ሳይነካ በዶላር ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው፤ ሠንጠረዡን በዶላር የሚያነብ ሰው ሰላም የወረደ ሊመስለው ይችላል።

ኤርትራ ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ ናት። ባዶ ማለት ግን ዜሮ ማለት አይደለም።

አገር ያለ ጠባቂ ይደር የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ግን በዚህ በወለጋ በግጭቱ ዓመታት የደረሰ በቆሎውን ማሳ ላይ ጥሎ የተሰደደው፣ ለመኪና ብሎ በሬውን በርካሽ የሸጠው ገበሬ ወጪ በማን በጀት ተጻፈ? እርሱም የጦር ወጪ ነው፤ ያውም ኒሷብ ካልሞላለት ሰው የተወሰደ።

በሳምንቱ ልጁን ጠርቼ «ያን መልሴን ትቼዋለሁ» አልኩት። «ታዲያ የትኛው ነው ኡስታዝ?» አለኝ። የኒሷብን ምዕራፍ አስገለጥኩትና ከዚያ ጀመርን።