ጉንፋን፣ ሥራ እና አማና፦ ለስፖንጋ ወጣቶች የክረምት ምክር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ወላጆቻችን ባደጉበት አገር ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። እኛ ባደግንበት በስፖንጋ ደግሞ ክረምት ማለት ጨለማና በረዶ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ገደማ የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቆይ ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ ሦስቱም በሥራ ሰዓት ውስጥ ይገባሉ። ጠዋት በፔንደልቶጉ ውስጥ ከዚህም ከዚያም ሳል ይሰማል። ጉንፋን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት የሚመላለስበት ወቅት ነው።

ብዙዎቻችሁ እየተማራችሁ በትርፍ ሰዓት ትሠራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በአረጋውያን መጦሪያና በሄምሼንስት፣ ሌሎቻችሁ በመጋዘን፣ በምግብ ቤት ወይም በታክሲ። ማታ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ጠዋት ራስ ይከብዳል፤ የሥራው ሰዓት ደግሞ ደርሷል። «ቀላል ጉንፋን ናት፤ አንድ አልቬዶን ውጬ እሄዳለሁ» ማለት የተለመደ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህች ውሳኔ ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ በዲናችን ሚዛን ግን የሰው ሐቅ አለባት።

«ብርድ መታኝ»

እናቶቻችን ስንታመም «ብርድ መታህ»፣ «ፀጉርሽን ሳታደርቂ ወጥተሽ ነው» ይሉናል። አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ ላይ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው «ንፋስ ገባ፣ ዝጋው!» መባሉን አይረሳም። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሞቅ አድርጎ መልበስም ለአካል መልካም ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው። ከ200 የሚበልጡ ዓይነት ቫይረሶች ጉንፋን ያስይዛሉ፤ ከሁሉም በብዛት የሚገኙት ራይኖቫይረስ የሚባሉት ናቸው። በክረምት ጉንፋን ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰው መስኮት ዘግቶ፣ ተጠጋግቶ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተነፈሰ ስለሚውል ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታ የእረፍት ክፍሉን መስኮት ለአምስት ደቂቃ መክፈት ከመዝጋቱ ይሻላል።

ቫይረሱ በሳልና በማስነጠስ ይወጣል፤ በእጅ ላይም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። የታመመው ሰው አፍንጫውን ጠርጎ የበሩን እጀታ ይይዛል፤ ጤነኛው ያንኑ ይነካና ዓይኑን ያሻል። በሽታው በዚህ መንገድ ይሻገራል። በብዛት የምናስተላልፈውም ሕመሙ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ማለትም «ገና ቀላል ናት» በምንልበት ጊዜ ነው።

ተወኩል እና ሰበብ

አንዳንድ ወጣቶች «በሽታ በራሱ አይተላለፍም የሚል ሐዲስ አለ አይደል? ታዲያ ለምን እንጨነቃለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። አዎ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ተናግረዋል። የጃሂሊያ ሰዎች በሽታ ያለ አላህ ፈቃድ በራሱ ኃይል ይሠራል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሐዲሱ የሚያፈርሰው ይህን እምነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ሐዲስ ያስተላለፉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሌላም አስተላልፈዋል፤ የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ወዳሉት ሰው እንዳያመጣቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። ሁለቱም በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ይገኛሉ። ዑለማዎች ሲያስታርቋቸው እንዲህ ይላሉ፦ በሽታውን የሚያመጣው አላህ ነው፤ መቀራረቡን ግን ሰበብ አድርጎታል፤ ሰበቡን መጠንቀቅ ደግሞ በእኛ ላይ ነው። ለግመል ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሰውማ እንዴት?

የዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) ታሪክም አስታውሱ። በሒጅራ 18ኛው ዓመት አካባቢ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የተባለ ቦታ ላይ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ባልደረቦቻቸውን አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱ። ግመሎቹን ለምለም ወደሆነው የሸለቆ ዳር የሚነዳ እረኛም፣ ደረቅ ወደሆነው የሚነዳውም ሁለቱም በአላህ ቀደር ውስጥ ናቸው ብለው በምሳሌ አስረዱ። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም አገር ሸሽቶ እንዳይወጣ ያዘዙበትን ሐዲስ ነገሯቸው። ዑመርም አላህን አመሰገኑ።

እኛን ለምን በተለይ ይመለከተናል?

ወላጆቻችሁ ከኢትዮጵያ ከሆኑ «ኅዳር ሲታጠን» የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ከተማው በጭስ ይሞላል። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1918፣ አዲስ አበባን ከመታው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። መቃብር ቆፋሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አልቋል። በሳልና በትኩሳት የሚጀምር በሽታ ሁሉ ቀላል እንዳልሆነ አያቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል።

እኛም በ2020 በዚሁ ሰፈራችን አይተናል። በማርች መጨረሻ የስዊድን ሶማሊያውያን ሐኪሞች ማኅበር በስቶክሆልም መጀመሪያ ከሞቱት 15 ሰዎች መካከል 6ቱ የሶማሊያ ተወላጆች መሆናቸውን አስታወቀ። ሪንከቢ፣ ቴንስታና ስፖንጋ ክፉኛ ከተጎዱት ሰፈሮች መካከል ነበሩ። የስዊድን የሕዝብ ጤና ባለሥልጣን በዚያው ዓመት ሙያን ከበሽታው ጋር ሲያነጻጽር የታክሲ፣ የአውቶቡስና የትራም ሾፌሮች እንዲሁም ፒዛ ጋጋሪዎች ከሌሎች ሠራተኞች ይበልጥ ተይዘው ተገኙ። እነዚህ የአባቶቻችንና የአጎቶቻችን ሥራዎች ናቸው። ከቤት ሆኖ በኮምፒውተር አይሠሩም። ማታ ደግሞ አያት፣ እናትና ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ።

ጉንፋን ኮሮና አይደለም። የሚሄድበት መንገድ ግን ያው ነው። ለ20 ዓመት ወጣት የሦስት ቀን ንፍጥ የሆነ ነገር ለ85 ዓመት አዛውንት የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። በሄምሼንስት የምትሠሪ እህቴ፣ የምትገቢበት ቤት ያሉት እናት በሩን የሚከፍቱልሽ አምነውሽ ነው። እጃቸውን ይዘሽ ታነሻቸዋለሽ፣ ታጎርሻቸዋለሽ። ሙስሊም ቢሆኑም ባይሆኑም ያ እምነት አማና ነው፤ በአማና ላይ እንጠየቃለን። ዲናችን በራስም ላይ በሌላም ላይ ጉዳት ማድረስን ከልክሏል።

ደሞዝ ቢቀነስም አጅር አይቀነስም

ሕመም በሚጸናበት ጊዜ ቤት መቅረት ስንፍና የሚመስላችሁ ካላችሁ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ተመልከቱ። በብርድና በዝናብ ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ እንዲያውጅ ያዙ ነበር። ነጭ ሽንኩርት በልቶ የሚሸት ሰው ጀማዓውን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ነግረዋል። ከሰቂፍ ልዑካን ጋር የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው በመጣ ጊዜ እጁን ሳይጨብጡ ቃል ኪዳኑን መቀበላቸውን ልከው አስታወቁትና እንዲመለስ አደረጉ፤ ክብሩም አልተነካም። በሽንኩርት ሽታ ሰው ከመስጂድ ከቀረ፣ ትኩሳት ይዞት የሚያስል ሰው ከጁሙዓም ሆነ ከሥራ ቢቀር ዑዝር አለው።

ገንዘቡስ? ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ በተለይ በሰዓት ለሚከፈለው። ስለዚህ መብታችሁን እወቁ። በስዊድን ሕግ ስትታመሙ አሠሪው ከደሞዛችሁ 80 በመቶውን እስከ 14ኛው ቀን ይከፍላል። ከዚያ ላይ ካረንስ የሚባለው አንድ ጊዜ ይቀነሳል፤ መጠኑም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በአማካይ ሳምንት ከምታገኙት የሕመም ክፍያ 20 በመቶው ነው። የሐኪም ወረቀት የሚያስፈልገው ከ8ኛው ቀን ጀምሮ ነው። ወደ ሥራ ተመልሳችሁ በ5 ቀን ውስጥ እንደገና ካመማችሁ ካረንስ ዳግመኛ አይቀነስም። በሰዓት የምትሠሩም ብትሆኑ አስቀድሞ ለተሰጣችሁ ፈረቃ የሕመም ክፍያ የማግኘት መብት ሊኖራችሁ ይችላልና አሠሪያችሁን ወይም የሠራተኛ ማኅበራችሁን ጠይቁ። መታመማችሁንም በመጀመሪያው ቀን፣ በጊዜ አስታውቁ።

አሠሪው ካረንስ ይቀንሳል፤ አላህ (ሱ.ወ) ግን አይቀንስም። አንድ ባሪያ ሲታመም ወይም መንገደኛ ሲሆን፣ ጤነኛና አገሩ ሆኖ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ሙሉ በሙሉ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አብስረዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ትኩሳትን የሰደበችን ሴትም ከልክለዋት፣ ወናፍ የብረትን ዝገት እንደሚያስወግድ ትኩሳትም ኃጢአትን እንደሚያስወግድ ነግረዋታል። ስለዚህ ያ አልጋ ላይ የዋላችሁበት ቀን አልባከነም።

ነገሩ ሌላ ጎንም አለው። ሳይታመሙ «አሞኛል» ብሎ መደወል ውሸት ነው፤ በሱ የተገኘ ክፍያም የሰው ሐቅ ነው። በአንዲት ቀላል ንፍጥ ምክንያት ሳምንት ሙሉ መቅረትም አይገባም። ትኩሳት ካለ ወይም አካል ከደከመ ቤት መቆየት፣ ሲሻል መመለስ ነው። ከአረጋውያንና ከሕሙማን ጋር የሚሠራ ግን በቀላሉም ቢሆን አለቃውን ይጠይቅ።

በሥራ ቦታ ምን እናድርግ?

ውዱእ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በቀን ደጋግሞ እጅን፣ አፍንም፣ አፍንጫንም ያጠራል። ሆኖም የሳሙናን ቦታ አይተካም። ከመብላታችሁ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ አፍንጫችሁን ከጠረጋችሁ በኋላ ቢያንስ 20 ሰከንድ በሳሙና ታጠቡ። የእጅ አልኮል ይጠቅማል፤ በአካል ላይ ለጽዳት መጠቀሙንም የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ፈቅደውታል። በክረምት የሚዞረውን የትውከትና የተቅማጥ ቫይረስ ግን አልኮል በደንብ አይገድለውም፤ ለሱ ሳሙናና ውኃ ይሻላል።

ውዱእ አድርጋችሁ እጅጌያችሁ እንደረጠበ ወደ ብርድ አትውጡ፤ ትንሽ ፎጣ በቦርሳችሁ ያዙ። እግር ማጠብ ለከበዳችሁ ዲናችን ሩኽሳ ሰጥቷል፦ ጠዋት ሙሉ ውዱእ አድርጎ ኹፍ የለበሰ ሰው አገሩ ላይ ከሆነ አንድ ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ ይችላል። ስለ ካልሲ ዝርዝሩን ኢማማችሁን ጠይቁ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ፣ በከባድ ብርድ ሌሊት ጀናባ ሆነው በመታጠብ ፈንታ ተየሙም አድርገው አሰገዱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቋቸው አላህ ነፍሳችንን እንዳንገድል የከለከለበትን የሱረቱ ኒሳእ 29ኛ አንቀጽ ጠቀሱ፤ ነቢያችንም ሳቁ እንጂ አልወቀሷቸውም። ሞቅ ያለ ውኃ በየቧንቧው ባለበት አገር ተየሙም ሰበብ አይሆንም፤ ትምህርቱ ግን ዲናችን አካልን ለመጉዳት አለመምጣቱ ነው።

ስታስነጥሱ ሱናውን ያዙ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስነጥሱ ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ ያደርጉ ነበር። እኛም በክንዳችን ወይም በሶፍት ሸፍነን «አልሐምዱሊላህ» እንበል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሰላምታውን በቃል ሰጥቶ እጁን ደረቱ ላይ ቢያደርግ ማንም አይቀየመው። ከአንድ ማዕድ መብላትና ጉርሻም እስኪድን ይቆይ።

ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል። ወላጆቻችን «ሐኪሙ አልቬዶን ብቻ ሰጥቶ መለሰኝ» ብለው ያዝናሉ። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ በጉንፋን ቫይረስ ላይ አይሠራም። ዝንጅብል፣ ጦስኝ፣ ማርና ትኩስ ሾርባ ጉሮሮን ያስታግሳሉ፤ እረፍትና ጊዜ ደግሞ ያድናሉ። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አካባቢ ይለቃል። ትኩሳቱ ለቀናት ካልወረደ 1177 ደውሉ፤ መተንፈስ እጅግ ከከበደ 112። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ወላጆችና አያቶች፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች በስቶክሆልም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በነፃ ያገኛሉ። ቋንቋው ለሚከብዳቸው ቀጠሮውን የምትይዙላቸው፣ ይዛችኋቸውም የምትሄዱት እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻ ይህ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታሞ የቀረ ወንድም የጎደለው ደሞዝ የቤት ኪራዩን ሊያጓድልበት ይችላል። ከጁሙዓ የጠፋ ሰው ካለ ደውሉ፤ ሾርባ በሩ ላይ አድርሱ፤ ፈረቃውን መያዝ ከቻላችሁ ያዙለት፤ ገንዘብ የቸገረው ከሆነ በዝምታ ርዱት። «ታመህ አትምጣ» የምንለው ሰው ቢቀር የማይወድቅ መሆኑን ማረጋገጥ የሁላችንም ድርሻ ነው።

አላህ ለታመሙት ሙሉ አፊያ ይስጥልን። ወላጆቻችንንና በእጃችን ያሉትን አዛውንቶች ይጠብቅልን። ሪዝቃችንን ሐላልና ሰፊ ያድርግልን። አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።