የልጅ ብድር፣ የእናት ፊርማ



ከፋሲካ በዓል በኋላ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ቢሮዬ መጡ። በእጃቸው የባንክ ወረቀት ይዘዋል። ልጂቱ የሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ የሥነ ልቦና ትምህርት፣ እዚህ ፕሲኮሎግያ የሚሉትን፣ ለመማር አስባለች። ለትምህርት ክፍያና ለቤት ኪራይ ከባንክ ትበደራለች፤ እናት ደግሞ አሬቭ፣ ማለትም ዋስ፣ ሆነው ይፈርማሉ። «ልጄ፣ ወረቀቱ የሚለውን አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። «ልጅዎ አልነገረችዎትም?» ብላቸው «ነግራኛለች። ግን የምትበደረው እሷ ናት» አሉ።

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

እንደሚታወቀው በአገራችን ሰው ዋስ ሲሆን አበዳሪውንም ተበዳሪውንም ያውቃል። ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ የሚገባበትን ነገር በገዛ ቋንቋው ሰምቶ ነው። ባይከፈል በሬው ሊሄድ እንደሚችል ይገባዋል። እዚህ ግን ብዙ ወላጆች የማያነቡትን ይፈርማሉ፤ የሚያስተረጉምላቸውም ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚፈልገው ልጅ ራሱ ነው። ልጆቻችን ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤትና በሚስራድ ሃክሊታ ለወላጆቹ ሲያስተረጉም ያደገ ልጅ ቃል ማለስለስ ይለምዳል። እናቱ እንዳትደነግጥ ሐኪሙ ያለውን ያቀልላታል። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ስለዚህ «ተበዳሪው ካልከፈለ በመጨረሻ ከዋሱ ደመወዝ ሊወሰድ ይችላል» የሚለው ነገር በአማርኛ ሲደርስ «ምንም አይደል፣ ፊርማ ብቻ ነው» ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ትምህርት በገንዘብ አይመዘንም ይላሉ። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል ለሰማን ለእኛ ይህ ደስ ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ሳይመዝን መማር የሚችለው ቢወድቅ የሚያነሣው ሀብት ያለው ሰው ነው። እናት በጽዳት ሥራ እያደሩ ዋስ በሆኑበት ብድር፣ ሳይመዝኑ መማር በእሳቸው ጉልበት ሳይነግሯቸው መማር ነው።

እንግዲህ እንመዝን። መንግሥት በሚደግፋቸው ዩኒቨርሲቲዎችና ማኽላላዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ በዓመት ከ10,000 ሼቄል ከፍ ይላል፤ በግል ማኽላላዎች ግን ወደ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ከክፍያውም ይልቅ ሳይሠሩ የሚያልፉት ዓመታት ይከብዳሉ። የሥነ ልቦና ትምህርት ደግሞ በሦስት ዓመት አያልቅም። በ1977 የወጣው የፕሲኮሎጎች ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የያዘ ሰው ፕሲኮሎግ ተብሎ እንዲሠራ አይፈቅድም። ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ያለው ቦታ ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ልዩ ሙያ የሚፈልግ ሰው ከዚያ በኋላ የዓመታት ልምምድ ይጠብቀዋል። በ22 ዓመቷ የጀመረች ልጅ ሙያዋን ሙሉ በሙሉ ስትይዝ 30 ዓመት ሊሞላት ይችላል። መንገድ ላይ የቀረ ሰው ዲግሪው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ወደ መምህርነት ወይም በሠራተኛ አስተዳደር ወደሚገኝ ሥራ የሚሄድ አለ፣ ተጨማሪ ተምሮ ወደ እኛ ሙያ የሚመጣም አለ። ግን ሲበደር ያሰበው ደመወዝ ያ አልነበረም።

በእኛ ሙያ፣ በኦቮዳ ሶሲያሊት፣ በ1996 ሕግ መሠረት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመዝግቦ ሥራ መጀመር ይቻላል። ይህን ስል አውቄ የመረጥኩ እንዳይመስላችሁ። እኔም የፈለግሁት ፕሲኮሎግያ ነበር፤ የፕሲኮሜትሪ ነጥቤ ስላልደረሰ ነው። ደመወዙም ብዙ አይደለም፤ የሙያው ሠራተኞች በ2011 እና በ2020 አድማ የመቱት በከንቱ አልነበረም። እኔ የተማሪነት ሚኑሴን ከፍዬ የጨረስኩት በ29 ዓመቴ ነው።

በሚዛኑ በሌላው ወገን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በአሽኬሎን ላይ ስንት ሮኬት እንደወረደ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጡ አንዲት አያት ሕልማቸውን በልጅ ልጃቸው አፍ ለባለሙያ ሲናገሩ አይቻለሁ። ልጁ የ12 ዓመት ነው። አያት ለእሱ የማይነገረውን ስላልነገሩት፣ ባለሙያዋ ዋናውን ሳትሰማ ቀረች። አማርኛ የሚሰማ ፕሲኮሎግ ቢኖር ኖሮ! ልጂቱ ያሰበችው ነገር በሼቄል ብቻ አይቆጠርም የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጥቅሙ የሁላችን ከሆነ ዕዳው ለምን የአንዲት እናት ይሆናል? እኔ የማየው ስሕተት ትምህርቱን መምረጧ ሳይሆን ባንኩን መጀመሪያ ማድረጓ ነው። አዲስ ገቢዎችን የሚረዳው የተማሪዎች አስተዳደር፣ ሚንሃል ሃስቱደንቲም፣ የዕድሜና የጊዜ ገደብ ስላለው ቶሎ መጠየቅ ይገባል። ከሠራዊት ሲወጡ የሚሰጠው ፒካዶን ለትምህርት ሊውል ይችላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለው ፔራኽ ደግሞ ሕፃናትን ለሚያስጠና ተማሪ ሚልጋ ይሰጣል። ባንክ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ያኔም ተበዳሪው አስተርጓሚ መሆን የለበትም።

በዚያ ቀን ወረቀቱን መስመር በመስመር በአማርኛ አነበብኩላቸው። ልጂቱ ዝም ብላ እንድትሰማ ለመንኳት። ሁለት ቦታ ላይ ራሷ «ይህን አላየሁትም» አለች። እናቷ አልተቆጡም። ጥቂት አስበው «ሦስቱን ዓመት እችላለሁ። ስለ ሌላው ስትደርስበት ትንገረኝ፤ ግን እንደዚህ፣ አንዱንም ሳትተው» አሏት።

አልፈረሙም። ልጂቱ ከተማሪዎች አስተዳደር ቀጠሮ ይዛለች፤ ወረቀቱም እስከዚያው ታጥፎ በእናትየው ቦርሳ ውስጥ ነው።