ቡና የሚያርፍበት ዓመት

አማን ከተማ አንድ ቡና አቅራቢ ነበረ። ሰባት የቡና ወቅት ቆጠበ። ዕቁብ ሲወጣለት ገንዘቡን ከእጁ ሳያሳድር ባንክ አስገባ፤ ቤቱን ቀለም ሳያስቀባ፣ በየሰርጉ ያንኑ ጫማ እያደረገ ቆጠበ። ልጅ ሳለ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በሚዛን መንገድ አንድ ጥቁር መኪና አልፎ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ደረቱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። የሚቆጥበው ለዚያ ድምፅ ነበር።

ይህን ምኞት የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ሰው በላቡ ያጠራቀመውን፣ ሌሎች ሰዎች ተጠበው ለሠሩት ድንቅ ነገር ቢያወጣ ነውር የለበትም።

ይህ ሰው አክስት ነበሩት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአማን ገበያ ጀንፈል ሲገዙ የኖሩ። ሻጭ የጆንያውን አፍ ሲከፍትላቸው ከላይ ያለውን አያዩትም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይሰዱና ከሥር ያለውን ዘግነው ያወጣሉ፤ መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ከዚያ አንዲቱን ፍሬ ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ያንቀጫቅጯታል። በደንብ የደረቀ ጀንፈል ውስጡ ይንኳኳል፤ እርጥብ ከሆነ ዝም ይላል። «አፉ ላይ ያለውን ሁሉም ያሳምራል» ይላሉ።

አቅራቢው ገንዘቡ ሲሞላለት አክስቱን ይዞ በቦንጋና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። ጊዜው ደግሞ ለመራጭ የሚመች አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጭኗል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ በነዳጅ የሚያገሳ መኪና የፈለገ ሰው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ነው፤ ያለው ደግሞ በየቀኑ ያረጃል፣ ዋጋው ግን አይወርድም።

ደላላው መጀመሪያ ያሳያቸው መርሰዲስ ሲ 63 ኤኤምጂ ነበር። ከስድስት ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ 457 የፈረስ ጉልበት። ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ። አቅራቢው ልቡ ቀጥ አለ። አክስቱ ግን ቀለሙን ሳያዩ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ትኩስ ነው። ማን አሞቀው?»

«ለእናንተ ብለን ነው ማዘር፤ ከመጣችሁ አይቀር ዝግጁ ይሁን ብለን።»

«የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ሲወስዱት ትኩሳቱን አብርደው አይወስዱትም» አሉ አክስቱ። ቀጥለውም የቀድሞው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሸጠው፣ መጨረሻ የተቀየረለት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ። ደላላው ሊብሬውን አሳየ፣ ቦሎውን አሳየ፤ ለተጠየቀው ግን መልስ አልነበረውም። አብሯቸው የሄደው መካኒክም ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላ ነገር ነገራቸው፦ እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት በተሠሩት በእነዚህ ሞተሮች ላይ የቴስታታው ቡሎን የመበጠስ ችግር አለ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ካልታየ ደግሞ ብዙ ነገር ይደበቃል።

ሁለተኛውን መኪና ያሳያቸው ያው መካኒክ ነው። ቀበና፣ አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ የቆመች እ.ኤ.አ. የ2001 ቢኤምደብልዩ ኤም 5። ቀለሟ ጣራው ላይ ደብዝዟል፤ የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ዋጋዋ ከመርሰዲሱ ብዙም አይርቅም። አቅራቢው ፊቱ ሲጠቁር ሽማግሌው አይተው ምንም አላሉም። ቤት ገብተው ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት የተማሪ ደብተር ይዘው ወጡ።

«400 የፈረስ ጉልበት ይላታል ወረቀቱ» አሉ። «እሱ ባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ሲሆን ሲሆን 300 ነው የምትሰጥህ። ሆዷም ዝቅ ያለ ነው፤ የእናንተን መንገድ አላውቀውም። የቀረውን ደብተሩ ይነግርሃል። ውሰደውና ነገ መልስልኝ።»

ደብተሩን ሆቴል ወስዶ አልጋው ላይ ዘረጋው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በሰማያዊ እስክሪብቶ ናቸው፤ የኋለኞቹ በእርሳስ፣ የእጅ ጽሑፉም እየተንቀጠቀጠ ሄዷል። «ዘይት፣ ስድስት ሊትር ተኩል፣ ወፍራሙ 10 ደብልዩ 60።» «የራዲያተሩ ፕላስቲክ ተሰነጠቀ፤ ከዱባይ በሰው እጅ መጣ።» «አራት ጎማ፤ የልጄን ሰርግ ብድር ሳልጨርስ።» አንድ ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ብቻ፦ «መጋቢት 2012። ኮሮና። ቆማለች። በሳምንት አንድ ቀን አስነሣኋት።»

እያንዳንዱ መስመር አጠገብ የወጣው ብር ተጽፏል። አቅራቢው ስልኩን አውጥቶ ደመረ፣ ለዓመታቱ አካፈለ፣ እንደገና ደመረ። አክስቱ በሌላው አልጋ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዩታል።

«ስንት ሆነ?»

ነገራቸው።

«ቡናው በሚሸከምበት ዓመት ትችለዋለህ» አሉ። «በሚያርፍበት ዓመትስ ማን ያበላታል?»

ቡና ለሚያለማ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቱን ይሰበስባል፣ ፍሬው ይሳሳል። ደብተሩ ውስጥ ግን ያረፈ ዓመት አልነበረም። የቆመችበት ዓመት እንኳ ባትሪ በልታለች።

በማግስቱ ደብተሩን መለሰ። «ጋሼ፣ መግዣው አለኝ። ማኖሪያው ግን የለኝም።»

ሽማግሌው ብዙ ዝም አሉ። «ብዙ ሰው አይቷታል» አሉ በመጨረሻ፤ «ደብተሩን አንብቦ የመለሰልኝ አንተ ነህ።»

አማን ሲመለስ ከሱቅ አንድ ደብተር ገዛ። የሌለችውን መኪና ልክ እንዳለች አድርጎ ሊያኖራት ወሰነ። በየወሩ የቤንዚኗን፣ የዘይቷን፣ የጎማዋን ብር ከኪሱ አውጥቶ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ አስቀመጠ። ያ ዓመት ቡናው ያረፈበት ዓመት ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ገነጠለው፤ ነሐሴ ላይ ለሠራተኞች የሚከፍለው አጥቶ ከመኪናዋ ሂሳብ አወጣ። «ወሰድኩ» ብሎ ጻፈ፣ ስንት እንደሆነም ጨመረ። ጥቅምት ላይ የመጀመሪያውን እሸት ሲሸጥ ከእሱ በታች «መለስኩ» ብሎ ጻፈ። አንዳንድ ወር በእግሩ እየሄደ፣ ለመኪና ቤንዚን ይከፍል ነበር። ጓደኞቹ ግራ ገባቸው። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ፍቅር ብዙ አላየሁም።

ዓመቱ ሲሞላ ደብተሩን ለአክስቱ አነበበላቸው። ማንበብ ባይችሉም እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ሰሙ። ከዚያ ስልኩን አነሣ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ አለች?»

«ለማን እሸጣታለሁ?» አሉ ሽማግሌው። «በጠዋት ና። ሳልነካት እጠብቅሃለሁ።»

ቀበና ሲደርሱ ገና አልነጋም ነበር። ሽማግሌው ሸራውን በቀስታ ገፈፉት። አቅራቢው መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር። ቁልፉን ተቀብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አክስቱ ነጠላቸውን ከጆሮአቸው ላይ ገለጥ አድርገው፣ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ።