እግራችን እንዳይሸራተት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በመዝሙር 72 መዝሙረኛው በመንገዱ ላይ ተንሸራቶ ለመውደቅ ምን ያህል ተቃርቦ እንደ ነበር ይተርክልናል። ይህን መዝሙር ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። ምሥጢሩ ጥቂት የገባን ግን ባለፈው ክረምት በአባያ ሐይቅ ዳር አንዲት አሮጌ ጀልባ ስንጠግን ነው። ዛሬ ልናካፍላችሁ የምንወደው ይህንኑ ነው።

እንደሚታወቀው ከተማችን አርባ ምንጭ በሁለት ሐይቆች አጠገብ የተቀመጠች ናት። በሰሜን በኩል አባያ፥ በደቡብ በኩል ጫሞ ሲሆኑ፥ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የምንለው ኮረብታማ መሬት አለ። አባያ 1160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ውኃው ከደለሉ የተነሣ ቀላ ያለ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን ማየት አይቻልም። ከሥሩ ደግሞ አዞ አለ። በዚህ ውኃ ላይ ቆሞ እንጀራውን ለሚፈልግ ሰው የእግሩ መጽናት የሕይወቱ ጉዳይ ነው።

ጀልባዋ የአንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ ንብረት ስትሆን፥ ለዓመታት በዳርቻው ላይ ተገልብጣ የቆየች የእንጨት ጀልባ ናት። በዕረፍት ጊዜያችን እንጠግንላቸዋለን ብለን ተነሣን። በመጀመሪያ በጥላ ሥር አደረቅናት፤ እርጥብ እንጨት ቀለም አይዝምና። ከዚያ አሮጌውን ቀለም ፋቅን፤ የበሰበሰውን ጣውላ በመሮ እየቆረጥን አዲስ ተካን፤ በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ ጥጥ እየጠቀጠቅን በሬንጅ ደፈንን። እስከዚህ ድረስ ሥራችን መልካም ነበር።

ወለሏን ወደ መቀባት ስንደርስ ግን ተሳሳትን። ሽማግሌው «ልጆቼ፥ መርገጫው ላይ አሸዋ ነስንሱበት፤ የዓሣ ልጋግ ያንሸራትታል» አሉን። እኛ ደግሞ የገዛነው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነበር፤ አሸዋ ቢነካው ውበቱ የሚበላሽ መሰለን። «አባባ፥ ግድ የለም፤ እንዲህ ነው የሚያምርባት» አልናቸው። እርሳቸውም ደስታችንን ላለማፍረስ ዝም አሉ። እኛም ከጀልባዋ ፊት ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቆሮሶ ይዘው ሲመለሱ፥ መረባቸውን ለመሰብሰብ ጎንበስ እንዳሉ እግራቸው ከዳቸውና ወደቁ። ወደ ውኃው ሳይሆን ወደ ጀልባዋ ውስጥ መውደቃቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ነገር ግን ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። የዓሣ አጥማጅ እጅ ሲሰበር ቤተሰቡ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። አፍረን ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ አልተቆጡንም። «አሸዋው እኮ አላለቀም፤ ከወንዙ ዳር አለ» ብቻ አሉን።

በማግስቱ ያን የኮራንበትን ወለል በብርጭቆ ወረቀት አሻከርነው፤ አዲስ ቀለም በለስላሳ ቀለም ላይ አይጸናምና። ከወንዝ ያመጣነውን አሸዋ አፈሩ እስኪለቅ አጥበን፥ በፀሐይ አድርቀን፥ በወንፊት ነፋነው። ጠጠሩ ባዶ እግርንና ጉልበትን ይልጣል፥ ቆሻሻም ይይዛል፤ እጅግ የላመውም በቀለሙ ተውጦ ይጠፋል፤ ስለዚህ መካከለኛውን መረጥን። የመጀመሪያውን ቀለም ቀብተን ገና ሳይደርቅ አሸዋውን እኩል ነሰነስንበት። ሲደርቅ ያልተጣበቀውን ጠርገን፥ የተጣበቀው እንዳይነቀል በሁለተኛ ቀለም ሸፈንነው። መቀመጫዎቹን ግን ለስላሳ አድርገን ተውናቸው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከዚህ ምን እንማራለን? እግዚአብሔር ኖኅን መርከብ እንዲሠራ ባዘዘው ጊዜ (ዘፍ. 6፥14-16) ስለ እንጨቱ፥ ስለ ልኩ፥ ስለ ክፍሎቹ፥ በውስጥና በውጭ ስለሚቀባው ቅጥራን ነገረው፤ መልኳ ያማረ ይሁን ብሎ ያዘዘው ግን አልተጻፈም። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ የገሊላን ባሕር ባጎደለው ጊዜ፥ በጌታችን ዘመን አካባቢ የነበረች የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ከጭቃው ውስጥ ተገኝታለች። ርዝመቷ ከ8 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ ባገኙት ቁራጭ እንጨት ሁሉ ደጋግመው የጠገኗት በመሆኑ ከ10 በላይ የእንጨት ዓይነት ተቆጥሮባታል። ጌታችን ከስምዖን ታንኳ ላይ ተቀምጦ ሕዝቡን ሲያስተምር (ሉቃ. 5፥3) ያቺም ታንኳ ከዚህች የተሻለች ላትሆን ትችላለች። ሰውን ግን ይዛለች።

አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን በመርከብ ይመስሏታል። እኛ ወጣቶች በዚህች መርከብ ውስጥ ምን እየቀባን ነው? ለበዓል ልብሳችን አንድ ዓይነት እንዲሆን፥ ዜማችንም እንዲያምር ሳምንታት እንደክማለን። ይህ መልካም ነው፤ ቀለምም እንጨቱን ከውኃ ይጠብቃል። ነገር ግን ጾሙ፥ ስግደቱ፥ ንስሐው፥ ወንድም ወንድሙን መምከሩ ሲሻክርብን፥ ልክ እንደ አሸዋው ውበታችንን የሚያበላሽ ይመስለንና እንተወዋለን።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ድምፁ እጅግ ያማረ አንድ ወንድም ነበረ። በየበዓሉ ከፊት አቆምነው፤ አመሰገንነው። ከቅዳሴ መቅረት ሲጀምር ለምን ብለን አልጠየቅነውም። ማታ በመኝታ ክፍሉ ብቻውን ምን እንደሚያስጨንቀው አላወቅንም። ጥያቄያችን ቅር ያሰኘዋል ብለን ፈራን፤ እንዲያውም መዝሙሩ እንዳይጓደልብን ፈራን ብንል እውነቱ ይህ ነው። ዛሬ ከእኛ ጋር የለም። አንዳንዶቻችን ተንሸራተተ ብለን ስናወራ እንሰማለን። ሽማግሌው በወደቁ ጊዜ ግን «አረማመድ አያውቁም» ያለ ከመካከላችን አልነበረም፤ ወለሉን የቀባን እኛ መሆናችንን እናውቅ ነበርና።

መዝሙረኛው እግሩ የጸናለት ወደ እግዚአብሔር መቅደስ በገባ ጊዜ ነው (መዝ. 72፥17)። ሐዋርያው ጳውሎስም የቆመ የሚመስለው ሰው እንዲጠነቀቅ ይመክረናል (1ኛ ቆሮ. 10፥12)። ስለዚህ በጾም ጊዜ ብንዝል፥ የንስሐ አባታችን ምክር ቢከብደን፥ የወንድማችን ተግሣጽ ቢቆረቁረን አንሽሽ። የሚቆረቁረን ነገር ሁሉ ጠላታችን አይደለም። ሌላውን ስንመክርም እንደ ጠጠሩ አንሁን፤ ሰውን የሚያቆም ምክር አለ፥ ጉልበቱን የሚልጥም አለ።

የሽማግሌው እጅ በእግዚአብሔር ቸርነት ድኗል፤ በጀልባዋም እየሠሩባት ነው። ወንድማችን ግን ገና አልተመለሰም። በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ከመካከላችን ሁለት ሆነው ወደ እርሱ እንዲሄዱ ተስማምተናል። ይህን የምታነቡ ሁሉ በጸሎታችሁ አስቡን፤ እናንተም በየአጥቢያችሁ የቀረውን ወንድማችሁን ፈልጉ።

እግራችንን ከመሰናክል የሚጠብቅ አምላክ ሁላችንንም በቤቱ ያጽናን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።