ስለ ጠመንጃ ፍቅርና ስለ ክርስቲያን ልብ



በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ልነግርህ ያሰብሁት ነገር ብዙ ሰዎች በልባቸው የሚጠይቁት፥ በመምህራን ፊት ግን ለመናገር የሚያፍሩበት ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በክርስቶስ ያመነ ሰው ጠመንጃ ሊኖረው ይገባልን? ቢኖረውስ ሊወለውለው፥ ሊያነግተው፥ ዒላማ ሊመታበት፥ በእርሱም ደስ ሊለው ይገባልን? ወይስ ጠመንጃና ወንጌል በአንድ ቤት ሊያድሩ አይችሉም?

ይህን የምጽፍልህ ከነገሩ ርቄ የቆምሁ ሰው ሆኜ አይደለም። እኔ ያደግሁት ጠመንጃ እንደ ቤተ ሰብ በሚቈጠርበት ቤት ነው። የአባቴ ምንሽር ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ሕፃን ሳለሁ የቅባቱን ሽታ፥ የሰደፉን ልስላሴ፥ የቃታውን ድምፅ ከእናቴ ድምፅ ቀጥዬ ዐወቅሁት። ስለዚህ ጠመንጃ የሚወድ ሰው ልቡ ምን እንደሚመስል ከሌላ አልሰማሁም፤ ከራሴ ተምሬዋለሁ እንጂ።

እንግዲህ አስቀድመን መጽሐፍ ቅዱስ የሚለውን እንመልከት። መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮች መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ መሣሪያችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ ሰውን እንዳይገፉ፥ በሐሰትም እንዳይከሱ፥ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው እንጂ (ሉቃ. 3፥14)። የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ወታደር ሳለ ጸሎቱ ወደ እግዚአብሔር ደረሰለት (ሐዋ. 10)። በነህምያም ዘመን የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩ ሰዎች በአንድ እጃቸው ሥራውን፥ በሌላው እጃቸው መሣሪያቸውን ይዘው ነበር (ነህ. 4፥17)። ስለዚህ መሣሪያ መያዝ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ሰው ከመጽሐፉ ይልቅ ይጨምራል።

ዳሩ ግን በጌታችን መያዝ ሌሊት የሆነውን ደግሞ አስተውል። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ እንዳላቸው በነገሩት ጊዜ ይበቃል አላቸው (ሉቃ. 22፥38)። ለዐሥራ አንድ ሰዎች ሁለት ሰይፍ ለጦርነት የሚበቃ አይደለም፤ እንግዲህ ጌታ ጭፍራ ሊያሰልፍ እንዳላሰበ ግልጽ ነው። ከጥቂት ሰዓትም በኋላ ጴጥሮስ ከሰይፎቹ አንዱን መዞ የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ጆሮ ቈረጠ፤ ጌታም ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፥ የተቈረጠውንም ጆሮ ዳስሶ ፈወሰ። ወዳጄ ሆይ፥ ይህን ልብ በል፤ ጌታችን ከመያዙ በፊት በእጁ ያደረገው የመጨረሻ ፈውስ ከወዳጁ መሣሪያ የመጣውን ቍስል መፈወስ ነበር። ጴጥሮስ ሰይፉን የመዘዘው በፍቅርና በቅንነት ነው፤ ነገር ግን ፍቅርና ቅንነት መሣሪያን አያጸድቁትም።

ስለ ቤት ጥበቃም የሙሴ ሕግ ድንበር አለው። ሌባ በሌሊት ቤት ሲምስ ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢሆን ግን የደም ዕዳ ይሆንበታል (ዘጸ. 22፥2-3)። በጨለማ የመጣው ነፍስ ሊያጠፋ ይምጣ ወይም ሊሰርቅ ብቻ ይምጣ ባለቤቱ ሊለይ አይችልም፤ በብርሃን ግን ሊለይ ይችላል። የሌባ ሕይወት እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ ከላምና ከበግ ይልቅ የከበረ ስለ ሆነ ለንብረት ብሎ ነፍስ ማጥፋት አልተፈቀደም። ጠመንጃውን ለቤቴ ጥበቃ ነው የምትል አንባቢ፥ በፀሐይ ብርሃን የምትተኵስበትንና የማትተኵስበትን ዛሬውኑ ከልብህ ጋራ ወስን፤ በዚያች ሰዓት ለመወሰን ጊዜ አታገኝምና።

አሁን ወደ ደስታው ነገር ልምጣ። ዒላማ መምታት ደስ ያሰኛል፤ ይህን መካድ ሐሰት ነው። ትንፋሽን መግታት፥ ዓይንን ማቅናት፥ እጅን ማጽናት ትዕግሥትን ያስተምራል። በሚገባ የተሠራ ብረትም የሰው ጥበብ ሥራ ነውና ዓይንን ደስ ያሰኛል። አባቶቻችን ከፈረንሳዊው የግራ ጠመንጃ ስም ውጅግራ፥ ከማንሊኸርም ስም ምንሽር እያሉ በአንደበታቸው ያለሰለሱት፥ በአድዋም በ1888 ዓ.ም. ነፃነታቸውን የጠበቁበት መሣሪያ ስለ ሆነ በፍቅር ቢያስቡት አልፈርድባቸውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ሁሉ ቢፈቀድለትም ምንም እንደማይሠለጥንበት ጻፈ (1 ቆሮ. 6፥12)። የነገሩ መክፈቻ ይህ ነው፤ ጠመንጃውን አንተ ይዘኸዋልን ወይስ እርሱ አንተን ይዞሃል?

በዚህ ረገድ ከታሪክ ሁለት ምስክሮች ልጥራልህ።

ፊተኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች የወንጌል መልእክተኞች ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙአቸው። ሰዎቹ መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም፤ ንጉሡን ግን እንቢ ሊሉ አልቻሉም። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በዚያ ተሠራ፤ ብዙ ሺህ ሰው መንገድ እየጠረገ ወራት በፈጀ ጉዞ ወደ መቅደላ ጐተተው። ነገር ግን በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በአሮጌ ሜዳ ጦርነቱ በሆነ ጊዜ መድፎቹ ንጉሡን አላዳኑአቸውም። በፋሲካም ማግስት ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ በተቀበሉት ሽጉጥ የገዛ ነፍሳቸውን አጠፉ። የንጉሡን ጀግንነትና የአገር ፍቅር አልነቅፍም፤ እኔ ከእርሳቸው የምሻል አይደለሁምና። ዳሩ ግን ንጉሥ በሠራዊት ብዛት እንደማይድን መዝሙረኛው የተናገረው ቃል ሴባስቶፖል በተጐተተበት መንገድ ሁሉ ተጽፏል። ወንጌልን ሊሰብኩ የመጡ ሰዎችም ከሁሉ ይልቅ በመድፍ መታወሳቸው ለእኛ ለሰባክያን ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ነው፤ በአገራችን ገበሬ ሁሉ ክላሽ ብሎ የሚጠራውን ጠመንጃ ያወጣው ሩሲያዊ ነው። ይህ ሰው አገሩን ከወራሪ ለመጠበቅ አስቦ ሠራው፤ ስሙም በዓለም ሁሉ ገነነ። ነገር ግን በሸመገለ ጊዜ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ለኪሪል ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውም እርሱ በ2013 ከሞተ በኋላ በ2014 በጋዜጣ ታተመ። ነፍሱ ልትሸከመው የማትችል ሕመም እንደ ያዛት ገለጸ፤ ጠመንጃው የሰውን ሕይወት ካጠፋ እርሱ አማኝ ሳለ በእነዚያ ሰዎች ሞት በደለኛ ይሆን እንደ ሆነም ጠየቀ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ወገንም መሣሪያው ለአገር መጠበቂያ ሲውል ሠሪውንም ወታደሩንም እንደምትደግፍ ተነገረ። መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን አንተ መርምር። እኔ የሚያስደንቀኝ ጥያቄው ነው። ሠሪው ራሱ በነፍሱ ከታመመበት ነገር፥ ገዝተን የምናነግተው እኛ እንዴት ያለ ጥያቄ ልንተኛ እንችላለን?

አሁን የራሴን ልናገር። አባቴ በሞቱ ጊዜ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ፤ ወንጌልን ከተቀበልሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ዘመዶቼ ተሰብስበው ምንሽሩን ከነዝናሩ አስረከቡኝ። ከእነርሱም አንዱ፥ በዕድሜ የገፋው፥ «ጠመንጃውን ተረክበሃል፤ ደሙንም ተረከብ» አለኝ። በድንበር ጠብ የተገደለው የአባቴ ታላቅ ወንድም ደሙ ገና አልተመለሰም ነበርና፤ ገዳዩም ከወንዝ ማዶ ይኖር ነበር። እኔም እሺ አላልሁም፥ እንቢም አላልሁም፤ ጠመንጃውን ስለ ወደድሁት ዝም ብዬ አነገትሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከገበያ ስመለስ በወንዙ መሻገሪያ ያንን ሰው አገኘሁት። መሣሪያ አልያዘም፤ የእህል ሸክም ተሸክሞ ነበር። ዐወቀኝ፤ ሸክሙንም አስቀምጦ ቆመ፥ አልሸሸምም። እውነቱን ልንገርህ፤ በዚያች ሰዓት የተማርሁት ቃል አንዱም አልታሰበኝም። ዓይኔ ርቀቱን ለካ። ለጨዋታ ብዬ፥ ለደስታ ብዬ ዒላማ ሳስተካክል ያስለመድሁት ዓይን ሳላዝዘው ለካልኝ። ያን ጊዜ ከሰውየው ኋላ ጋቢውን ይዞ የቆመ ትንሽ ልጅ፥ ምንም የማያውቅ፥ «ጋሼ፥ እንደምን ዋሉ» አለኝ። ልማድ ሆነና «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ዋልህ ልጄ» ብዬ መለስሁለት። አንደበቴ ደኅንነትን ከተመኘ በኋላ እጄ ሌላ ሊያደርግ አልቻለም። አለፍሁአቸው። ጥቂት ርቄ ከሄድሁ በኋላ ግን ጕልበቴ ተብረክርኮ ተቀመጥሁ፤ አለቀስሁም። እኔ ጠመንጃ ይዤ እንደምሄድ መስሎኝ ነበር፤ በእውነት ግን እርሱ ይዞኝ ይሄድ ነበር።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ጥይቱን አወጣሁ፤ ሽማግሎችንም ላክሁ። ከወንዝ ማዶ ያሉት ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ፤ ካሳውም ተቈረጠ፤ ታረቅን። ከዘመዶቼ አንዳንዶቹ ፈሪ አሉኝ፤ እስከ ዛሬም የማያናግረኝ አለ። ይህ ዋጋ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም፤ በወገን መካከል ፈሪ ተብሎ መኖር እጅግ ከባድ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ዛሬ ሙሉ ሰው ሆኗል፤ በገበያ ባገኘኝ ቍጥር ሰላምታ ይሰጠኛል።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ ጠመንጃ ካለህ እነዚህን አራት ነገሮች እንድትጠብቅ እለምንሃለሁ።

አንደኛ፥ ሕግን አክብር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዝዛል። በስውር የገዛኸው ጠመንጃ በጸሎትህ መካከል የሚቆም ሐሰት ነው።

ሁለተኛ፥ ቤትህን ጠብቅ። ሙሴ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ ደም እንዳያመጣበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዘዘ (ዘዳ. 22፥8)። ለጣራ እንዲህ ከታዘዘ ለጠመንጃ እንዴት አይበልጥም? ጥይቱን ከጠመንጃው ለይተህ በተለየ ስፍራ ቈልፍ። ጐርሶ የተሰቀለ ጠመንጃ ሕፃን እስኪደርስበት ድረስ የሚጠብቅ ሞት ነው። በቤትህ ውስጥ ያዘነ ወይም በመጠጥ የተሸነፈ ሰው ካለ ከነጭራሹ ከቤት አውጣው።

ሦስተኛ፥ በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ አትተኵስ። የወጣው ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ በማን ራስ ላይ እንዲወርድም አንተ አትመርጥም። ደስታህ የጎረቤትህ ለቅሶ እንዳይሆን እልልታው ይበቃሃል።

አራተኛ፥ ልብህን መርምር። ተቈጥተህ ሳለ ዓይንህ ወደ ተሰቀለበት ግድግዳ ይሄዳልን? ሳታነግተው ስትወጣ ወንድነትህ የቀረ ይመስልሃልን? በፊቱ ድኻ ሲያጐነብስልህ ደስ ይልሃልን? የሚጠላህን ሰው ስታስብ ርቀቱን ትለካለህን? ለእነዚህ አዎን ብለህ ከመለስህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ነገሩ ከእንግዲህ የጠመንጃ አይደለም፤ የጣዖት ነው። ሽጠው፥ ወይም ለመንግሥት አስረክበው፤ ነፍስህ ከብረት ትበልጣለችና። አይደለም ብለህ በንጹሕ ልብ ከመለስህ ግን ያዘው፤ ዒላማህንም በደስታ ምታ፤ ማንም በሕሊናህ አይፍረድብህ። ነገር ግን ይህን ምርመራ በየጊዜው ድገመው፤ እኔ አንድ ጊዜ መልሼ ያበቃሁ መስሎኝ ነበርና።

የአባቴ ምንሽር ዛሬም በቤቴ አለ፤ ፈቃዱም አለ። ጥይቱ በአንድ ሣጥን፥ ጠመንጃው በሌላ ይቀመጣል። ልጆቼ ስለ እርሱ ሲጠይቁኝ ስለ አያታቸው እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ወንዙ መሻገሪያም እነግራቸዋለሁ። ሰይፍ ማረሻ፥ ጦርም ማጭድ የሚሆንበትን ቀን ነቢዩ ኢሳይያስ ተናግሯል። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ በቤታችን ያለው ብረት በእጃችን እንጂ በልባችን እንዳያድር፥ የቍጣችንም ባሪያ እንዳያደርገን፥ የጴጥሮስን ሰይፍ ወደ ሰገባው ያስመለሰ ጌታ እኛንም ይርዳን። አሜን።